የሰው ወርቅ ያደመቀው ጀግና

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንላለን። የጥንት ግሪኮች ቢሰሙን ፐርሲየስን ጠርተው ይሟገቱን ነበር። ጭራቅ ገዳይ ከሚባሉት ጀግኖቻቸው መካከል የራሱ የሆነ ነገር ሳይዝ የዘመተው እሱ ነው። ጫማው የተውሶ፣ ቆቡ የተውሶ፣ ማጭዱ የተውሶ፣ የቆረጠውን ራስ የከተተበት ከረጢት ሳይቀር የተውሶ። ሄርኩለስ በክንዱ ይመካል፤ አንበሳ አንቆ ገድሎ ቆዳውን ይለብሳል። ቴሴውስ አባቱ ከቋጥኝ ሥር የደበቀለትን ሰይፍ በጉልበቱ ፈንቅሎ ያወጣል። ፐርሲየስ ግን ከዓሣ አጥማጅ ቤት ባዶ እጁን ወጣ። እየለመነ፣ እየተዋሰ፣ አንዳንዴም እያስፈራራ ሄዶ፣ ድል አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ (እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው) የተዋሰውን አንድ በአንድ ለባለቤቶቹ አስረከበ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሄርኩለስን ነው። እኔ ግን ልቤ ለእሱ ሸፍቶ አያውቅም። ጉልበተኛ ነው፤ ሲያብድ ያገኘውን ይፈጃል፣ የገዛ ልጆቹን ሳይቀር። ፐርሲየስ ለኔ ቢጤ ይቀርባል፤ የቸገረው፣ ለእናቱ የሚሟገት፣ ዕዳውን የሚከፍል ልጅ ነው። በዚያ ላይ የታሪኩ ግማሽ የሚፈጸመው ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ብለው በጠሯት አገር፣ በንጉሧ ደጅ ነው። ከዚያ ቤት ወስዶ ያልመለሰው አንድ ነገር አለ። ወደዚያ እስክንደርስ ከሥሩ ልነሳ።

አያቱ አክሪሲየስ የአርጎስ ንጉሥ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ንግርት ቢጠይቅ «ከሴት ልጅህ የሚወለደው ይገድልሃል» የሚል መልስ መጣለት። ደንግጦ ልጁን ዳናዬን ከመሬት በታች በነሐስ ክፍል ዘጋባት። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ የወርቅ ዝናብ ሆኖ በጣሪያው ገባ፤ ፐርሲየስ ተወለደ። ንጉሡ የሥጋ ዘመዱን ደም በእጁ ማፍሰስ ስለከበደው እናትና ሕፃኑን ሣጥን ውስጥ አድርጎ ባሕር ላይ ጣላቸው። ገጣሚው ሲሞኒደስ እናቲቱ በዚያ ሣጥን ውስጥ ያንጎራጎረችውን እሹሩሩ ጽፎልናል። ማዕበሉ በላያቸው ሲያልፍ ሕፃኑ ቀይ ጨርቁ ላይ ተኝቷል። እሷም አንተ ተኛ ትለዋለች፤ ባሕሩም ይተኛ፣ ልክ የሌለው መከራችንም ይተኛ። ከሙሉ ግጥሙ የደረሰን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ግን ከጭራቆቹ ሁሉ በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ይህ ቁራጭ ነው። ሣጥኑን ሴሪፎስ በምትባል ትንሽ ደሴት ዲክቲስ የተባለ ዓሣ አጥማጅ አገኘው፤ ልጁንም ያሳደገው እሱ ነው።

የዲክቲስ ወንድም ፖሊዴክቴስ የደሴቷ ንጉሥ ነበር። ዳናዬን ከጀለ፤ ልጇ ግን ጎልማሳ ሆኖ ደጇ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ንጉሡ የመዋጮ ድግስ ደገሰ። ሂፖዳሚያ የምትባል የሩቅ አገር ልዕልት ሊያጭ እንደሆነ አስወርቶ፣ ለጥሎሹ የሚሆን ፈረስ አዋጡ አለ። ድሃ ቤት ያደገ ልጅ መዋጮ መሐል ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ግሪክ መሆን አያስፈልግም። ሌሎቹ ፈረሳቸውን ሲጠሩ ፐርሲየስ የሚጠራው አጣ፤ አፉ ቀደመውና «እኔ የጎርጎንን ራስ እንኳ ብትለኝ አልነፍግህም» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ንጉሡ የሌሎቹን ፈረስ ተቀበለ፤ ከእሱ ግን ሌላ አልፈልግም፣ ያልከውን አምጣ አለው። የዚህ ሁሉ ጀብዱ መነሻ እንግዲህ እፍረት ነው። ያፈረ ልጅ ፎከረ፤ የፎከረ ልጅ ፉከራው ታሰረበት።

ጎርጎን የምትባለው ጭራቅ ሜዱሳ የት እንደምትኖር እንኳ አያውቅም ነበር። አማልክቱ ሄርሜስና አቴና መንገድ አሳዩት። መጀመሪያ የሄደው ግራያይ ወደሚባሉት ሦስት እህትማማቾች ነው። ሲወለዱ ጀምሮ ሽበታም ናቸው፤ ለሦስት ያላቸው አንድ ዓይንና አንድ ጥርስ ሲሆን በተራ እየተቀባበሉ ይጠቀሙበታል። ፐርሲየስ ዓይኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጠብቆ ነጠቃቸውና መንገዱን ካልነገራችሁኝ አልመልስም አለ። ይህን ጀግንነት ለማለት ይቸግረኛል፤ አሮጊት ማስፈራራት ነው። ነገሩት፤ ዓይናቸውንም መለሰላቸው። ከእነሱ አልፎ ኒምፍ የሚባሉት የዱርና የምንጭ ደናግል ጋ ደረሰ። ክንፍ ያለውን ጫማ፣ ከረጢቱንና የለበሰውን ሰው የሚሰውረውን የሐዴስ ቆብ እነሱ ሰጡት። ሄርሜስ ማጭዱን ጨመረለት። አንዳንዶች ክንፋም ፈረስ ጋልቦ ሄደ ብለው ያስባሉ፤ በጥንቱ ታሪክ ግን ፔጋሰስ ገና አልተወለደም። በፔጋሰስ ላይ ተቀምጦ ኪሜራ የተባለውን ጭራቅ የገደለው ቤሌሮፎን ነው፤ ፐርሲየስን ፈረስ ያስጋለቡት በጣም ዘግይተው የመጡ ሰዎች ናቸው።

አሁን ሜዱሳ። የግሪኩ ገጣሚ ሄሲዮድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት ገደማ እንደጻፈው ጎርጎኖቹ ሦስት ናቸው፤ ስቴኖ፣ ዩርያሌና ሜዱሳ። ሁለቱ አይሞቱም፣ አያረጁም፤ ሜዱሳ ብቻ ሟች ናት። ለምን እሷ ብቻ እንደሆነች ሄሲዮድ አይነግረንም፤ የደረሰባት ክፉ ነገር ነው ብሎ ያልፋል። ፊቷን ያየ ድንጋይ ስለሚሆን ፐርሲየስ ፊቱን አዙሮ፣ በነሐስ ጋሻ ላይ ጥላዋን ብቻ እያየ፣ አቴና እጁን እየመራችለት አንገቷን ቆረጠ። የተቆረጠው አንገት ፔጋሰስንና ክሪሳዎርን ወለደ፤ ፅንሱ የባሕሩ አምላክ የፖሰይዶን ነበር።

ታሪኩን በጥሞና ካነበቡት ግን ሜዱሳ ስትገደል ተኝታ ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ተኝታ ነበር፤ በሰው ላይ ዘምታ ሳይሆን ዓለም ጫፍ ላይ ከእህቶቿ ጋር በምትኖርበት ስፍራ ነበር። ከጦር ሜዳ ይህን ይዞ የተመለሰ ሰው በአገሬ ፎክር ቢባል ምን ብሎ እንደሚፎክር አላውቅም። ግሪኮቹም ይህ የከነከናቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በጥንታዊ ሥራዎቻቸው ላይ ደጋግመው የሚታዩት የቀሩት እህቶች ናቸው። ኤሌውሲስ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ የአንድ ሕፃን ልጅ አስከሬን የተቀበረበት ትልቅ የሸክላ ጋን ተገኝቷል። በሆዱ ላይ ራስ የሌለው የሜዱሳ ገላ ተዘርሯል፤ ሁለቱ እህቶች ገዳዩን ያሳድዳሉ፤ አቴና መሐል ገብታ ትከለክላቸዋለች። ሠዓሊው የጎርጎን ፊት ምን እንደሚመስል ገና አልተወሰነለትምና ፊታቸውን የብረት ድስት አስመስሎታል፤ ከድስቱ ዙሪያ እባብ ወጥቷል። ገጣሚው ፒንዳር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ለአንድ ዋሽንት ነፊ ባቀረበው መዝሙር፣ አቴና የዋሽንቱን ዜማ ያገኘችው ከዩርያሌ ለቅሶ ነው ይላል። እህቷ ስትገደልባት ያሰማችውን ዋይታ አቴና ሰምታ ዜማ አደረገችው። ገዳዩ የተቆረጠውን ራስ ይዞ በረረ፤ ሙሾው ግን እዚያው ቀርቶ ሙዚቃ ሆነ።

የሮሙ ገጣሚ ኦቪድ ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ መጥቶ ነገሩን ይበልጥ አከበደው። በእሱ አተራረክ ሜዱሳ ፀጉሯ ያማረ ቆንጆ ነበረች፤ የባሕሩ አምላክ በአቴና ቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት፤ የተቀጣችው ግን እሷ ናት፤ ፀጉሯ እባብ ሆነ። ይህ የኦቪድ ቅጂ በዘመናችን ብዙ ተከታይ አግኝቷል፤ ተገቢም ነው። ብቻ ከእሱ በፊት የነበረው ሄሲዮድ ፖሰይዶን ከእሷ ጋር የተኛው በለስላሳ መስክ፣ በበልግ አበባ መሐል ነው እንደሚል ማስታወስ ደግ ነው። አንድ ወጥ የሜዱሳ ታሪክ የለም።

ፐርሲየስ በተውሶ ጫማው እየበረረ ሲመለስ በኢትዮጵያ ሰማይ አለፈ። ንጉሡ ሴፊየስ ይባላል፤ ንግሥቲቱ ካሲዮፒያ። ካሲዮፒያ ከባሕር ደናግሉ ከኔሬይዶች እበልጣለሁ ብላ በውበቷ ፎከረች (እንደ ፐርሲየስ እሷንም አፏ ነው የጣላት)። ፖሰይዶን ተቆጥቶ የባሕር ጎርፍና አውሬ ላከ። የግብፁ አምላክ የአሞን ንግርት ልጅህን አንድሮሜዳን ለአውሬው ካልሰጠህ መዳን የለም አለ፤ ሕዝቡም አስገደደውና ልጅቷን ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት አሰራት። እናት ተናገረች፣ ልጅ ታሰረች።

ፐርሲየስ ከላይ አያት። ወረደና መጀመሪያ ያደረገው መዋጋት ሳይሆን መዋዋል ነው። ብገድለው ትድሩልኛላችሁ? ብሎ ወላጆቿን አስማለ። በእኛ አፈ ታሪክ አርዌ የተባለውን ዘንዶ የገደለው ሰው የጠየቀው ዋጋ ዘውድ ነበር፤ ፐርሲየስ የጠየቀው ልጅቷን ነው። ውጊያውን ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በየፊናቸው ያወራሉ። በርሊን ያለ የቆሮንቶስ ሸክላ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ሲሆን የፐርሲየስ፣ የአንድሮሜዳና የአውሬው ስም ተጽፎበታል። እዚያ ላይ ፐርሲየስ ሰይፍም የሜዱሳን ራስም አልመዘዘም፤ በእግሩ ሥር ከተከመረው ድንጋይ እያነሳ አውሬውን ይወግራል። እኔ ይህን ሥዕል እወደዋለሁ። ያ ሁሉ የአማልክት ዕቃ በክንዱ ላይ እያለ፣ አንድ የራሱ ነገር ቢያገኝ የባሕር ዳር ድንጋይ ነው።

ይህች ኢትዮጵያ የት ናት? ለገጣሚው ለሆሜር የዓለም ጫፍ ናት። ኢትዮጵያውያን በሁለት የተከፈሉ ናቸው፤ ገሚሱ ፀሐይ በምትጠልቅበት፣ ገሚሱ በምትወጣበት። አማልክቱም ግብዣ ሲያምራቸው ወደ እነሱ ይሄዳሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ጋ ስንደርስ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለች፣ ዋና ከተማዋ ሜሮኤ የሆነች አገር ትሆናለች፤ የዛሬው ሱዳን ማለት ነው። ስለዚህ ሴፊየስን ጎንደር ወይም አክሱም ላይ ላንግሠው ብል ታሪክ አይፈቅድልኝም። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ቋጥኙ ነው። ባሕር የሌለበት ልዕልት ለባሕር አውሬ አትሰጥምና፣ ከጊዜ በኋላ ታሪኩ ወደ ያፋ ተዛወረ፤ ዛሬ ከቴል አቪቭ ጋር አንድ ከተማ ወደሆነችው የሜዲትራኒያን ወደብ።

ያፋዎች በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፈስ በ1ኛው መቶ ዘመን የአንድሮሜዳ ሰንሰለት የተወው ምልክት በያፋ አለት ላይ እንደሚታይ ጽፏል። ግሪካዊው ተጓዥ ፓውሳኒያስ በያፋ ደም የመሰለ ቀይ ውኃ ያለው ምንጭ አለ፣ ፐርሲየስ የአውሬውን ደም የታጠበበት ነው ይላሉ ይላል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ ማርከስ ስካውረስ የተባለ ሮማዊ ባለሥልጣን የአውሬውን አጥንት ከያፋ ወደ ሮም አስመጥቶ ለሕዝብ እንዳሳየ ይተርካል። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ነው፤ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የጎድን አጥንቱ ከሕንድ ዝሆን ቁመት የሚበልጥ፣ አከርካሪው አንድ ጫማ ተኩል ውፍረት ያለው። ዓሣ ነባሪ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሮማውያኑ ግን ወረፋ ይዘው ያዩት የኢትዮጵያን ልዕልት ሊውጥ የነበረውን አውሬ ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያፋ ምን ትሠራለች ለሚል ጠያቂም ፕሊኒ መልስ አዘጋጅቷል፤ በሴፊየስ ዘመን ኢትዮጵያ ሶርያን ትገዛ ነበር፣ ከአንድሮሜዳ ተረት ይህ ግልጽ ነው ይላል። ተረቱን በታሪክ፣ ታሪኩን መልሶ በተረት ማስረዳት መቼም ሮም ብቻ የነበረ ልማድ አይደለም። ቋጥኞቹ ዛሬም ከያፋ ወደብ ፊት ለፊት አሉ፤ የአንድሮሜዳ ቋጥኝ ይባላሉ፤ ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችን ከባሕሩ ዳር ቆመው ሊያዩዋቸው ይችላሉ።

ከዚያው ከያፋ ብዙም ሳይርቅ ልዳ አለች፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ከተማ። ለዘንዶ የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፣ ከሩቅ የመጣ ወጣት፣ የባሕር ዳር አገር፤ ይህን ሲሰማ ጊዮርጊስን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ አይኖርም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረሱ፣ ከሥሩ ዘንዶው፣ ከዛፉ ላይ ቢሩታዊት። ቤይሩትም ያፋም አንድ ባሕር ነው የሚያጥባቸው። ምሁራን የዘንዶው ታሪክ ከጊዮርጊስ ገድል ጋር የተያያዘው ዘግይቶ፣ ከ11ኛው መቶ ዘመን ወዲህ እንደሆነ ያስረዳሉ፤ ከፊሎቹም የፐርሲየስ ጥላ አርፎበታል ይላሉ። ጥላው ይኑርም አይኑር፣ ልዩነቱ ይበልጥብኛል። ጊዮርጊስ ልጅቷን ዳሩልኝ አላለም።

ከታሪኩ በኋላ ሁሉም ሰማይ ላይ ወጡ። ሴፊየስ፣ ካሲዮፒያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፐርሲየስ፣ የባሕሩ አውሬ ሳይቀር፤ አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ህብረ ከዋክብት ሆኗል። ፐርሲየስ ሰማይ ላይም የሜዱሳን ራስ ይዟል፤ አልጎል የሚባለው ኮከብ የሜዱሳ ዓይን ነው ይባላል። በ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይደበዝዝና ተመልሶ ይበራል። ሌላ ኮከብ በፊቱ እያለፈ እንደሚጋርደው የገመተው መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ጆን ጉድሪክ ነው፤ ዘመኑ 1783 እ.ኤ.አ.። ከፐርሲየስ አቅጣጫ የሚዘንቡት ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙት ነሐሴ 6 እና 7 ሌሊት ነው፤ የዓለም ሰው ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲያያቸው እኛ ክረምቱ ደመናውን አልብሶን ፍልሰታ እንጾማለን።

ካሲዮፒያ ግን የኛን ሰማይ የሚያስመርጥ ነገር አላት። ግሪኮች ለፉከራዋ ቅጣት ዙፋኗ ላይ እንደተቀመጠች በሰሜን ዋልታ ዙሪያ እንድትሽከረከር፣ ግማሹን ጊዜ በጭንቅላቷ እንድትዘቀዘቅ ተፈርዶባታል አሉ። በግሪክ ሰማይ ልክ ናቸው፤ እዚያ አትጠልቅም፤ ከዋልታው በታች ስታልፍ ራሷ ወደ ምድር ተደፍቶ ይታያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከዚህ ሲታይ ካሲዮፒያ ከዋልታው በታች በምታልፍበት ሰዓት ከአድማስ ሥር ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞሮ የቆመ ሰው የሚያያት ራሷን ወደ ላይ አድርጋ ነው። የተዘቀዘቀችውን ንግሥት የሚያዩ ግሪኮች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲመሽ ትወጣለች፣ ሰዓቷ ሲደርስ ትገባለች፣ ውርደቷን የሚያይ የለም። የቅጣቱን ታሪክ የፈጠሩት ሰዎች ወደ ደቡብ ርቀው ቢጓዙ ኖሮ ምናልባት ሌላ ፍርድ ይፈርዱ ነበር።

ስለ አንድሮሜዳ መልክም ላንሳ፤ ሊታለፍ አይችልም። ኦቪድ ራሱ በሁለት ምላስ ይናገራል። በአንድ ሥራው የፐርሲየስን ልብ የማረከችው በአገሯ ቀለም የጠየመችው አንድሮሜዳ ናት ይላል፤ በሌላው ነጭ ልብስ ለጠይም ሴት ያምራል፣ የሴፊየስ ልጅ ሆይ ላንቺም አምሮብሽ ነበር ይላል። በትልቁ ሥራው ግን ፐርሲየስ ከሩቅ ሲያያት፣ ነፋሱ ፀጉሯን ባያወዛውዝ፣ ዕንባዋ ባይወርድ የእብነ በረድ ሐውልት በመሰለችው። ሠዓሊዎች የተከተሉት እብነ በረዱን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የተሳለውና ቦስተን ሙዚየም ያለው የአቴና ከተማ ሸክላ ላይ የሚያስሯት አገልጋዮች ጥቁሮች ናቸው፤ እሷ ግን የፋርስ ልብስ የለበሰች ነጭ። በቲሺያንም ሆነ በሬምብራንት ሥዕል አገሯ የት እንደሆነ የሚጠቁም ምልክት ገላዋ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ፊሎስትራቶስ የተባለው ጸሐፊ ይህን አስተውሎ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆና ነጭ መሆኗ ራሱ ያስደስታል ብሎ አለፈው። ደስታው የማን እንደሆነ ግን አልነገረንም።

የጀግናውን ጉዳይ ልፈጽም። የአንድሮሜዳ አጎትና የቀድሞ እጮኛዋ ፊኒየስ በሰርጉ ላይ ቢነሳበት የሜዱሳን ፊት አሳይቶ ድንጋይ አደረገው። ሴሪፎስ ሲደርስ እናቱንና ዲክቲስን ከንጉሡ ሸሽተው መሠዊያ ሥር ተማጽነው አገኛቸው። ፖሊዴክቴስን ከነባለሟሎቹ ድንጋይ አድርጎ ደሴቷን ለዲክቲስ ሰጠ። (ስትራቦ እንደጻፈው ሴሪፎስ ከመጠን በላይ ድንጋያማ ስለነበረች ቀልደኞቹ የሜዱሳ ሥራ ነው ይሉ ነበር።) ከዚያ ማስረከቡ መጣ። ጫማውን፣ ከረጢቱንና ቆቡን ለሄርሜስ መለሰ፤ ሄርሜስም ለኒምፎቹ። የሜዱሳን ራስ ለአቴና ሰጠ፤ እሷም ጋሻዋ ላይ አደረገችው። ድንጋይ የሚያደርግ መሣሪያ በእጁ የገባ ሰው ሥራውን ሲጨርስ አውጥቶ ሲሰጥ አስቡት። የሚያስገድደው አልነበረም። አንድ ፊት ብቻ ይዞ ዓለምን መግዛት ይችል ነበር።

አያቱን የገደለውም በተውሶው መሣሪያ አይደለም። ላሪሳ ላይ ውድድር ነበር፤ ፐርሲየስ ዲስከስ ወረወረ፣ ዲስከሱ ተመልካች ሆኖ የተቀመጠውን አክሪሲየስን እግሩ ላይ መታው፣ ሽማግሌው ሞተ። ንግርቱ በጨዋታ ተፈጸመ። ፐርሲየስ በገደለው ሰው ዙፋን ላይ መቀመጥ አፈረና አርጎስን ለአያቱ ወንድም ልጅ ሰጥቶ በምትኩ ቲሪንስ የምትባለውን ከተማ ወሰደ፤ ሚኬኔንም የመሠረታት እሱ ነው ይባላል። እፍረት ወደ ጭራቁ ላከው፤ እፍረት ከዙፋኑ አወረደው።

ያልመለሰው እሷን ነው። ዕቃዎቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ሲገቡ አንድሮሜዳ ግሪክ ቀረች። ሆኖም የተውኔት ጸሐፊው ዩሪፒደስ ለዚህ መልስ ነበረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 «አንድሮሜዳ» የተባለ ድራማ አቀረበ። ሙሉው ጠፍቷል፤ ከቁርጥራጩና ከቀልድ ተውኔት ጸሐፊው ከአርስቶፋነስ ማሾፊያ እንደምናውቀው ድራማው የሚጀምረው እሷ በሌሊት ታስራ ስታለቅስ ነው፤ የሚመልስላት የገደል ማሚቶ ብቻ ነው። ፐርሲየስ ሲመጣ እሷው ራሷ ውሰደኝ ትለዋለች፤ ብትፈልግ አገልጋይ፣ ብትፈልግ ሚስት። ከዳነች በኋላ አባቷም እናቷም ቅሪ ሲሏት እምቢ ብላ በገዛ ፈቃዷ ሄደች። ውሉ የወላጆቿና የፐርሲየስ ነበር፤ ዩሪፒደስ ግን የመጨረሻውን ቃል ለእሷ ሰጣት። ይህ ድራማ ሰውን ምን እንዳደረገ ሉቂያኖስ ሲቀልድ፣ የአብዴራ ሰዎች በበጋ ሙቀት አይተውት ትኩሳት ያዛቸው፤ ትኩሳቱ ሲለቅ የአንድሮሜዳን ዜማና የፐርሲየስን ንግግር በየመንገዱ እየጮኹ መድገም ሆነ ሥራቸው፤ ገርጥተውና ከስተው ሲያንጎራጉሩ ከርመው ያዳናቸው የክረምቱ ብርድ ነው ይላል። ታላቁ እስክንድርም በመጨረሻው ግብዣው ላይ ከዚሁ ድራማ አንድ ክፍል በቃሉ እንደተጫወተ ይነገራል።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ፐርሴስን ለአባቷ ትታለት ሄዳለች። ሄሮዶቱስ እንደሚለው ፋርሶች ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው፤ የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስም ግሪክን ሊወርር ሲነሳ ለአርጎስ ሰዎች ዘመዳሞች ነንና አትንኩን ብሎ ላከባቸው፤ አርጎሶችም ከጦርነቱ ራቁ። ግሪክ የወለደቻቸው ደግሞ ከልጅ ልጅ እየተዋለዱ ኤሌክትርዮን አልክሜኔን፣ አልክሜኔ ሄርኩለስን ወለደች። ልቤ ያልሸፈተለት ጉልበተኛ ቅድመ አያቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትንሽ ለዘብ ብዬለታለሁ።

ያልተመለሰችውን የመለሰ ግን ሌላ ሰው ነው። ሄሊዮዶሮስ ይባላል፤ የሶርያዋ የኤሜሳ ሰው ነው፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዘመን «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» የሚባለውን ረጅም ልብ ወለድ በግሪክኛ ጻፈ። የሜሮኤ ነገሥታት ከፐርሲየስና ከአንድሮሜዳ እንወለዳለን ይላሉ፤ መኝታ ቤታቸውም በሁለቱ ሥዕል ያጌጠ ነው። ንግሥት ፐርሲና ስትፀንስ ዓይኗ የሥዕሉ አንድሮሜዳ ላይ ነበርና ነጭ ልጅ ወለደች። ባሏ ሂዳስፔስ እንዳይጠረጥራት ፈርታ፣ ታሪኳን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል ጥብጣብ ላይ ጽፋ ሕፃኗን አስጣለቻት። ልጅቱ ካሪክሌያ ግሪክ ውስጥ ዴልፊ አደገች፤ ቴያጌኔስ ከሚባል ግሪካዊ ጋር ተዋደደች፤ ወንበዴና ጦርነት አልፈው ለመሥዋዕትነት የተያዙ ምርኮኞች ሆነው ሜሮኤ ደረሱ። እዚያ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሥዕሉን ከቤተ መንግሥት አውጥተው ከጎኗ አቆሙት፤ ቁርጥ እሷን። ከዚያ ክንዷን ገለጡ፤ ነጩ ገላ ላይ ቀለበት የመሰለ ጥቁር ምልክት ነበር። ንጉሡ ልጄ ናት አለ፤ ሰው መሠዋት በአገሩ ተሻረ። በዚህኛው ታሪክ አገሩን ትቶ የሙሽራዋ አገር የቀረው ግሪካዊው ነው።